ለጨረር መኪናችሁ ስለሰፋሁት ልብስ

ለተከበሩ የጨረር አመንጪ ዕቃዎች ማጓጓዣ መምሪያ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ከርማችኋል? ቢሮዎ ከእኛ መንገድ ራቅ ያለ ስለሆነ ለጤናዎ ብዙም አልሰጋም። እኔ ከሆስፒታሉ ጀርባ ልብስ የምሰፋ፣ ዝም ማለት ያልፈጠረብኝ ሴት ስሆን፣ ይህን የምጽፈውም ምስጋናው በሆዴ አልቀመጥ ቢለኝ ነው።

1. ለካንሰር ሕሙማን መታከሚያ የሚሆነውን ጨረር አመንጪ ዕቃ የሚያመጣው መኪናችሁ፣ የሆስፒታሉ ዕቃ ተረካቢ ከምሳ እስኪመለስ በየሐሙሱ ከሱቄ መስኮት ሁለት እርምጃ ላይ ስለሚቆምልን ከልብ አመሰግናለሁ። ከዚህ ሁሉ ጎዳና እኛን መምረጣችሁ መታደል ነው።

2. ሹፌራችሁ ጨዋ ነው። መኪናውን ይቆልፍና መንገዱን ተሻግሮ፣ ጥግ ድረስ ሄዶ ይቀመጣል። እኔ እኮ እግሩን ሊያፍታታ ይመስለኝ ነበር!

3. ይህን ሳነሳ ሳቄ ያመልጠኛል። ባለፈው ወር ከመምሪያችሁ የመጡ ባለ ክራቫት ሰው፣ በመኪናው ላይ ያለው ቢጫ ምልክት በፀሐይ እንዳይደበዝዝ ልብስ እንድሰፋለት አዘዙኝ። እኔ ሞኟ ለካሁ፣ ቀደድኩ፣ ዳር ዳሩን ዘመዘምኩ፣ ቁልፍ ተከልኩለት። ይኸው ቀለሙ ፍንክች አላለም፤ የሚያየውም የለም እንጂ! ሆስፒታሉ ራጅ ክፍል የምትሠራው የእህቴ ልጅ መጥታ ስታይ፣ አክስቴ ምን ነካሽ፣ ይሄ እኮ ሰው እንዲርቅ ነው የተለጠፈው ብላ በሳቅ ፍርስ አለች። ልጄን ስታይ ግን ሳቋ ቀጥ አለ፤ በዚያ መስኮት ሥር ቁጭ ብላ ስትሰፋ የምትውለው ልጄ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናትና።

ዕቃው ያለበት ሳጥን ከወፍራም የእርሳስ ብረት የተሠራ ነው፣ ምንም አያሳልፍም ትሉኝ ይሆናል። እሰየው! የእህቴ ልጅም ሳጥኑን አልነቀፈችም፤ መኪናው ያለ ጠባቂ አይተውም፣ ምልክቱም አይሸፈንም ነው ያለችው። ልመናዬ አንዲት ናት፤ መኪናው ከግቢያችሁ የሚነሳው ተረካቢው ምሳውን በልቶ ሲጨርስ ይሁን። እስከዚያ በእርስዎ መስኮት ሥር ቢቆም ጥላውም ጥሩ ነው፣ ሳጥኑ ምንም አያሳልፍም አይደል?

የመንግሥትን ማስጠንቀቂያ በልኩ አልብሳ በመሸኘት ከሰፈሯ የመጀመሪያ የሆነችው፣

አክባሪዎ ልብስ ሰፊዋ

ሳልረሳው፦ የፊታችን ሐሙስ መኪናው እኛ ዘንድ ከቆመ፣ ልጄ ከነመስፊያዋ እርስዎ ቢሮ ትውላለች። የልብሱን ዋጋ ልቀበል የመጣሁ ዕለት የእንግዳ ወንበራችሁ ምቹ እንደሆነ አይቻለሁ። የቀራት ሁለት ወር ቢሆንም የልጅ ነገር አይታወቅምና፣ ለማንኛውም ውሃ ያስጥዱልን።