በወገብህ የታሰረው ዛጎል

አባዬ፣

ለምን አልነገራችሁኝም? መርዶ ዘግይቶ የደረሰው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከተለየኸን ዘጠኝ ወር ሆነ፤ እኔ ግን ዛሬም እጠይቅሃለሁ። ሙት ወቃሽ አያርገኝ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ተናድጄብሃለሁ።

ቤቱ እንዳለ ነው። በቅሎህን ዳማን አጎቴ ወስዷታል፤ አሁንም ካንተ በቀር ለሌላ ሰው አትሳብም። የምረቃ ፎቶዬ ካንተ ፎቶ አጠገብ ተሰቅሏል። ጥርስ በጥርስ ሆኛለሁ። ያን ቀን አንተ ከተቀበርክ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖህ ነበር። እማዬ መንገዱ አስቸጋሪ ነው ብላ ቀረች፤ እኔም አምኜ ሳቅሁ። እንዳይነግሩኝ ያዘዝከው አንተ ነህ አሉ፦ «ተመርቃ ትምጣ።»

ታስታውሳለህ፣ በሴሚናሬ ቀን ደውዬልህ ነበር። ስለ አንዲት የባሕር ቀንድ አውጣ ነበር ያቀረብኩት። ሾጣጣ ቅርፊቷ ያማረ፣ አካሄዷ የቀርፋፋ፤ ግን ዓሣ ትገድላለች። እንደ መርፌ ውስጡ ክፍት የሆነ ጥርሷን ወርውራ ትወጋዋለች፣ ዓሣው ሳይሸሽ ደርቆ ይቀራል። ሰውም ገድላ ታውቃለች። ተመራማሪዎች መርዟን አንድ በአንድ ለይተው ሲያጠኑ፣ ነርቭ የሕመምን መልእክት እንዳያደርስ የሚከለክል ነገር አገኙበት። ኃይለኛው ማስታገሻ ሞርፊን ሕመሙን ላላስታገሰለት ሰው መድኃኒት ሆነ። ይህን ሁሉ እየተንተባተብኩ ስነግርህ ሳቅህ። ድምፅህ ደክሟል ስልህ፣ «አብሽሪ ልጄ፣ ጉንፋን ነው» አልከኝ።

ለካ ካንሰር አጥንትህ ገብቶ ነበር። የጋቢህን ጫፍ እየነከስክ ነበር አሉ የምታወራኝ።

ስመጣ እማዬ ለግነዛ ሲያጥቡህ ከወገብህ የፈቱትን ክር ሰጠችኝ። ክሩ ላይ ያለው፣ ዘመዶች ሕመም ይስባል ብለው ከዳማ አንገት ፈተው ያሰሩልህ ዛጎል ነው። ከሌሎቹ የተለየው፣ ሾጣጣው። ልጅ ሆኜ ከቀይ ባሕር ነጋዴ ያመጣው ነው ትለኝ ነበር። ገልብጬ ሳየው፣ በሴሚናሬ ሥዕሏን ያሳየሁት የዚያችው ቀንድ አውጣ ዘር ቅርፊት ነው። ውስጡ ባዶ፣ ትንሽ አፈር ብቻ።

ንዴቴ እዚህ ላይ ነው። ቅርፊቱ መኪና መንገድ ሳይኖር በበቅሎ እዚህ መካነ ሰላም ደረሰ፤ መድኃኒቱ እስከ ዛሬ አልደረሰም። ያ መድኃኒት በአከርካሪ በኩል እንደሚሰጥ፣ ለአንተ እንደማይሆን አውቃለሁ። እሺ፣ እሱ ይቅር። ሞርፊኑስ? ቤት ተቀምጠው የሚጠጡት አለ እኮ። አንተን ግን ከጤና ጣቢያው ለራስ ምታት የሚሰጠውን ክኒን አስይዘው ሸኙህ፣ አንተም አመስግነህ ወጣህ። ብትነግረኝ ደሴ ሄጄ በር ሁሉ አንኳኳ ነበር። ላላገኝም እችል ነበር። ቢያንስ እጅህን እይዝ ነበር። ይህን ነው የነሳኸኝ።

ባለፈው ቅዳሜ እማዬ ከገበያ ስትመለስ ጎኗን ይዛ ገባች። ለአጎቴ ስትለው ሰማኋት፦ «ለልጅቷ እንዳትነግራት፣ ሥራ ፍለጋ ላይ ናት።» ደሜ ፈላ። ዛጎሉን አምጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩት።

«አንቺም ባዶ ዛጎል ልታስሪ ነው?»

 ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ የሚያማትን ቦታ አሳየችኝ። ሰኞ በሚኒባስ ደሴ ወሰድኳት። የኩላሊት ጠጠር ነው፤ ይታከማል። መንገዱን ሙሉ ስታቃስት፣ ባታምነኝም፣ ደስ አለኝ። ሕመሟን ሳትደብቀኝ ስታቃስት ሰማኋት።

እኔ ደግሞ ትምህርቴን ለመቀጠል አመልክቻለሁ። ባሕር የለንም፤ አባይ በረሃ ግን ጊንጥ ሞልቷል፣ መርዙን ማን አጠናው? ዛጎሉ ወደ ዳማ አንገት አይመለስም፤ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ባየሁት ቁጥር አስብሃለሁ። ንዴቴ ቢበርድም አስብሃለሁ።

አንተ መልስ አትጽፍልኝም። ይህን ያነበባችሁ ግን፣ «ትምህርቱን እንዳይረብሽበት» ብላችሁ ሕመማችሁን የደበቃችሁት ልጅ ካላችሁ ዛሬውኑ ደውሉለት። ሲቆጣችሁ ስሙት። ከዚያ ምን እንዳላችሁ ጻፉልኝ።