የግራው ረድፍ ጸናጽል

ሰኞ፣ የካቲት 3

ብርማው ይበልጣል። ከምሳ በፊት ጥቁሩ ይበልጣል ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ብርማው ባለ ገመድ ነው፣ ጥቁሩ በብሉቱዝ ይሠራል። ሁለቱም ውድ ኤርፎኖች ናቸው። ዓባይ ማዶ ስልክ መሸጫ ያለው ጓደኛዬ ሙሉጌታ እስከ ቅዳሜ አውሶኛል፤ የትኛው እንደሚሻል ነግሬው ለደንበኞቹ ሊያወራ ነው። የእኔን ጆሮ ያምናል። ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነኝ፤ የታመመውን ማሽን ገና ከበሩ ላይ በድምፁ እለየዋለሁ። በዚህ ትንሽ እኮራለሁ። ትንሽ አይደለም፣ በጣም።

የምፈትናቸው በዘፈን አይደለም። ጥር ላይ በማርያም በዓል፣ አባቴ መሪጌታ ሆነው በሚያገለግሉበት የሐይቅ ዳር ቤተ ክርስቲያን፣ በሁለቱ የማኅሌት ረድፎች መካከል ቆሜ በቀዳሁት ድምፅ ነው። ለወፍራሙ ከበሮ፣ ለቀጭኑ ጸናጽል፣ ለመካከለኛው የሊቃውንቱ ዜማ። ከዚህ የተሻለ ፈተና ማን አለው?

ማክሰኞ

ነገሩ አልገባኝም። የብርማው ከበሮ ሆድ ድረስ ይሰማል። በቀኝ የቆመው ረድፍ ጸናጽል ጥርት ብሏል፤ የግራው ረድፍ ግን ከመጋረጃ ጀርባ ያለ ይመስላል። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ጎማ ቀየርሁ፦ ትንሹን፣ መካከለኛውን፣ ትልቁን። ያው ነው። የጥቁሩም ግራ ደከም ይላል። የድሮው ኤርፎኔም እንዲሁ፤ እሱስ አርጅቷል።

ጻፍሁ፦ ብርማው፣ ግራው ጉድለት አለበት። ጥቁሩ፣ እሱም። ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች አንድ ዓይነት ጉድለት መያዛቸው ይገርማል።

ረቡዕ

ለሙሉጌታ ደወልሁ። ተናደደ። ቅዳሜ ሁለቱንም ላመጣለት ነጋዴ ሊመልስና ሊጣላው ነው። እርግጠኛ መሆኔን ሁለቴ ጠየቀኝ። ጆሮዬን ነው እንዴ የምትጠራጠረው ብዬ ተቆጣሁት።

ከሰዓት በኋላ ከአባባ ጋር በሐይቁ ዳር በእግር ሄድን። ሦስቱን ቀን ነነዌን ጾመው ደክሟቸዋል። ስንነሣ በግራዬ ነበሩ፤ ጥቂት እንደሄድን ዞረው በቀኜ መጡ። ጥላ ፈልገው መሰለኝ።

ሐሙስ

አባባ እኔ ቤት መጡ። ምን እንደምሰማ ጠየቁኝ። ጥምጥማቸውን ከፍ አድርጌ ብርማውን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ሰሙ። ግራው ስለተበላሸ ጸናጽሉ በደንብ እንደማይሰማ ነገርኋቸው።

"ኧረ የለም ልጄ፣ ጥርት ብሎ ይሰማል። በግራ የቆምሁት እኔ ነኝ እኮ፤ የራሴን እጅ መቼ አጣዋለሁ?"

ጥቁሩንም ሰጠኋቸው። ይሰማል አሉ። በሰባዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው የሚሰማውን እኔ እንዴት አልሰማም? ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። "እስቲ አገላብጠህ አድርገው" አሉኝ።

የግራውን በቀኝ ጆሮዬ አደረግሁት። ቅርጹ ስለማይገጥም በጣቴ ያዝሁት። የአባቴ ጸናጽል መጣ፣ ልክ ከፊቴ የቆሙ ያህል። መጋረጃው ጀርባ የገባው አሁን የቀኙ ረድፍ ነው።

የማክሰኞውን ጽሑፍ ሰረዝሁት። ጉድለት ያለብኝ እኔ ነኝ። ፈርቻለሁ።

ዓርብ

ፈቃድ ወስጄ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ድምፅ በማይገባበት ጠባብ ክፍል አስቀምጣ፣ ድምፅ ስሰማ ቁልፍ እንድጫን ነገረችኝ። መካከል ላይ ረጅም ዝምታ ሆነ፤ መሣሪያው የቆመ መሰለኝ። አልቆመም ነበር።

ሥራዬን ጠይቃ፣ ማሽን እንዴት እንደማዳምጥ እንዳሳያት ነገረችኝ። ግራ ጆሮዬን ዘንበል አድርጌ አሳየኋት፤ ዐሥራ ስድስት ዓመት እንዲሁ ነው የሠራሁት። ጆሮ መድፈኛ አይሰጧችሁም ወይ አለች። ይሰጡናል። እኔ ግን አንገቴ ላይ ነው የማንጠለጥለው። ጆሮውን የደፈነ ጠጋኝ ምን ይሰማል እያልሁ ወጣቶቹ ላይ እቀልድም ነበር።

"የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ማቆየት ግን በእጅዎ ነው" አለችኝ።

ቅዳሜ

ለሙሉጌታ እውነቱን ነገርሁት። ከነጋዴው ሳይጣላ መድረሴ ደስ ብሎት ሊቀልድ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። ቆይቶ፣ ለመሆኑ የትኛው ይበልጣል አለ። ሌሊቱን ሙሉ ስጨነቅ አድሬ እንኳ ይህን አልረሳሁትም፤ ጠዋት ሁለቱንም አገላብጬ ሰምቼ ነበር። ብርማው። በጥቁሩ ግን የከበሮው ድምፅ ከእውነተኛው በላይ ያብጣል። በዚህ እርግጠኛ ነኝ።

እሑድ

ዐቢይ ጾም በሳምንቱ ሲገባ ጸናጽልና ከበሮ እስከ ፋሲካ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ዛሬ በጠዋት ሄጄ ቀኝ ጆሮዬን ወደ ግራው ረድፍ አድርጌ ቆምሁ። የአባባን ጸናጽል ከሌላው ሁሉ ለይቼ ሰማሁት። ደስም አለኝ፣ አዘንሁም።

ስንመለስ እንደ ልማዳቸው ዞረው በቀኜ መጡ። ያን ጊዜ ገባኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"ከአምና ክረምት ጀምሮ። በግራህ ሆኜ ሳወራህ አትመልስልኝም ነበር።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"የምታውቅ መስሎኝ ነዋ። በጆሮህ የምትኮራ ሰው ነህ፣ እንዳላሳፍርህ ብዬ።"

እንባዬ መጣ፤ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርሁ። እሳቸው ስለ ጾሙ ማውራት ቀጠሉ፣ በቀኜ፣ ቀስ ብለው።

ነገ የጠዋት ፈረቃ ነኝ። መድፈኛውን አጥቤ ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ከትቼዋለሁ። በድፍን ጆሮ የታመመውን ማሽን እለየው ይሆን? እጄን ብረቱ ላይ ባሳርፍ ንዝረቱ ይነግረኝ ይሆናል። እንጃ፣ እሞክራለሁ።