መቀስ ያልነካው የአባዬ ኮት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዓይንሽስ ተሻለሽ? ሌሊቱንስ እንቅልፍ ይወስድሻል? መልስሽ ከቀረ ሦስት ወር ሆነው፤ እኔ ግን ዛሬም እንዴት አደርሽ፣ እንዴት ዋልሽ፣ እንዴት ከረምሽ እላለሁ። ከሚያንገላታኝ ናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

በምን እንደተቀየምሽኝ አውቃለሁ። አባዬ ሲያርፍ ለቀብሩ መድረስ አልቻልኩም። በዚያ ላይ «አታልቅሺ፣ የተቀበረው እሱ ሳይሆን ልብሱ ነው» ብዬ ጻፍኩልሽ። ዕድሜሽን ሙሉ አብሮሽ የኖረውን ሰው ልብስ አልኩት። አፌን በቆረጠው።

ቃሉ የእኔ አልነበረም። ስፌት ቤታችን ውስጥ ካውያ ላይ የሚሠራው ባልደረባዬ፣ «ሊቁ» የምንለው፣ ሐዘኔን አይቶ ጥንት ግኖስቲኮች የሚባሉ ሰዎች ያስተማሩትን ነገረኝ። ይህን ዓለም የሠራው እውነተኛው አምላክ ሳይሆን ያልበሰለ ሌላ ሠሪ ነው፤ ሥጋ የነፍስ እስር ቤት ነው፤ ክርስቶስም ሥጋ የለበሰ መሰለ እንጂ አልለበሰም፤ የሚድነውም ስውሩን እውቀት ያገኘ ብቻ ነው ይላሉ። ሰውየው ደግ ነው፣ ሊያጽናናኝ ብሎ ነው። እኔም ሥጋ ከንቱ ከሆነ ርቀታችንም ከንቱ ነው ብዬ ለጥቂት ቀን ቀለል አለኝ።

ከዚያ ብርዱ መጣ። የተለያየን ቀን አባዬ ከትከሻው አውልቆ ያለበሰኝን ኮት እጅጌውን ላሳጥር ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። የሰው ልብስ ስቆርጥ የምውለው ሰውዬ መቀሱን ባነሳ እጄ እምቢ አለኝ። ክርኑ እንደ እሱ ክንድ ታጥፎ ቀርቷል። ኪሱም ጥቁር ክር አጥተሽ በነጭ የጣፍሽው ነው፤ እሱም ሳያፍር በየሰዉ ፊት ይለብሰው ነበር። ተቀምጬ አለቀስኩ። ሊቁን «ልብሱን መቁረጥ ካቃተኝ ሥጋውን እንዴት ከንቱ ልበል?» ስለው ካውያውን አስቀምጦ ኮቱን መልሶ አጠፈልኝ።

እማዬ፣ አንቺ ያስተማርሽኝ ሌላ ነው። እግዚአብሔር ዓለሙን ራሱ ሠርቶ መልካም ነው አለ፤ ልጁም በእውነት ሰው ሆኖ ተራበ፣ አለቀሰ፣ ከነችንካሩ ምልክት ተነሣ። ደግሞስ መዳን በስውር እውቀት ከሆነ፣ ፊደል ያልቆጠርሽው አንቺ በየት በኩል ልትገቢ ነው? አንቺ የሌለሽበት ገነት ለእኔ ምኔ ነው? አባዬ ከነክርኑ ይነሣል። ይቅር በይኝና አንድ ቃል ላኪልኝ።

ይህን ለምታነብልሽ እህቴ፣ ለባሏና ለመንትዮቹ ሰላም በይልኝ። ለዚያ ለነገረኛው አጎቴም፣ ባይጠይቀኝም። አባዬ መቃብር ስትሄጂ ደግሞ «ልጅህ ኮትህን አልቆረጠውም፤ ስትነሣ በልክህ ታገኘዋለህ» በይልኝ።

ናፋቂው ልጅሽ
ከስፌት ቤቱ ፎቅ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን