እንደ ቆጣሪው መስሎኝ

ሐሙስ፣ ሰኔ 9

ዛሬም ዘነበ። ባሌ ሉጥፊ ከሱቅ ሲመለስ አንድ ጫማውን በእጁ ይዞ ገባ። ጭቃው ከእግሩ አውልቆት። "ሳቂ እንጂ" አለኝ። የምስቅበት ጉልበት ከየት ይምጣ? ቀኑን ሙሉ ልብስ ሳጥብ ዋልኩ፤ ያሰጣሁትን ዝናቡ መልሶ አጠበው።

ኮምፒዩተሩ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ሉጥፊ ለልጃችን ለዳሊያ ኒካሕ ብሎ ነው የገዛው። ጅዳ ያሉት ሼኽ ጋብቻውን በስልክ አላስርም አሉ። "የልጅቷን አባት ዓይኔ እያየ፣ ጆሮዬ እየሰማ ካልሆነ አይሆንም። በድምፅ ብቻማ ማንም አባት ነኝ ይላል።" እውነታቸውን ነው። ሉጥፊ ደግሞ ጅዳ ልሂድ ቢል ወረቀቱ ከዚህ ከሱዳኗ ገዳሪፍ አያሳልፈውም። ስለዚህ ሐምሌ 8፣ ዓርብ፣ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ በዚህ ዕቃ።

የኔ ነገር ሌላ ነው። እኔ ልጄን ማየት ነው የምፈልገው። በአሥራ አራት ዓመቷ ከአክስቷ ጋር ጅዳ ሄደች፤ አሁን ሃያ ሦስት ሆናለች። ፎቶ ትልካለች... ፎቶ አይስቅም፣ ዞር አይልም። አክስቷ ቤት ኮምፒዩተር የለም። የኒካሑ ዕለት የሙሽራው ወገኖች ይዘው ይመጣሉ። ያን ቀን አያታለሁ።

እሑድ፣ ሰኔ 12

ሙዳሲር መጥቶ ገጠመልን። የስልክና የኮምፒዩተር ጠጋኝ ነው፤ ሆዱ በበራችን ገብቶ አያልቅም። ኢንተርኔቱ የጎረቤቴ የባሕሪያ ነው። ራውተሩ፣ ማከፋፈያው፣ እሷ ቤት ነው፤ ገመዱ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ ወደኛ መጣ። ባሕሪያ ራሷ ግንቡ ላይ ወጥታ አቀበለችን። "ባሌን የማየው በዚህ ነው፤ አንቺም ልጅሽን እዪበት" አለች። ባሏ ከማሉ ኳታር ሹፌር ነው። ማታ ማታ ያወራሉ።

ከባሕሪያ ጋር የማንጋራው ምን አለ? ውኃው አንድ ቧንቧ፣ መብራቱ አንድ ቆጣሪ። ካርድ ስንሞላም በአንድ ቁጥር ነው። እሷ ብትሞላ ለኔ ይበራል፣ እኔ ብሞላ ለእሷ።

ሠራ። ሙዳሲር የማላውቀውን የካይሮ ሰውዬ አሳየኝ። ዜና ያነባል። ጥርሱ ሳይቀር ይታያል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 14

መብራት ሄዶ መጣ። ኮምፒዩተሩ በራ፣ ኢንተርኔቱ ግን የለም። ከታች ቢጫ ምልክት... ሙዳሲር ለሥራ ሀዋታ ሄዷል። መንገዱ በጭቃ ተዘግቷል፤ ዝናቡ ካላባራ አይመለስም። በስልክ ጥቁር መስኮት አስከፈተኝ፣ አጻፈኝ፣ ቁጥር አስነበበኝ።

"በመቶ ስድሳ ዘጠኝ ይጀምራል?"

"አዎ።"

"ራውተሩ ቁጥር አልሰጠሽም ማለት ነው። እንግዲህ ቁጥሩን በእጅሽ..." አለና ስልኩ ተቋረጠ። ብደውል ብደውል አይነሳም።

በእጄ ምን?

ረቡዕ፣ ሰኔ 15

በእጄ ምን እንደሆነ ገባኝ! በእጄ መጻፍ ነው። ባሕሪያ ገበያ ስትሄድ የቤቷን ቁልፍ እኔ ጋ ትተዋለች። ገብቼ የእሷን ኮምፒዩተር ከፈትኩ። ሙዳሲር ለእሷ በእጁ የጻፈላት ቁጥር አለ፤ መጨረሻው 5 ነው። መስመሩ የጋራ አይደል? ቁጥሩንም አንድም ሳላስቀር ገልብጬ የኔው ላይ ጻፍኩት።

ሠራ! የካይሮው ሰውዬ ከነጥርሱ መጣ። ለሉጥፊ ነገርኩት። "እኔስ ታውቂበታለሽ ብያለሁ" አለ። ምንም አላለም ነበር።

ሰኞ፣ ሰኔ 20

ይሠራል፣ አይሠራም። ይመጣል፣ ይሄዳል። ከሥር አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ይላል፤ ኤክሷን እጫናለሁ፣ ይጠፋል። ማታ ማታ እንደ በሽተኛ እጠይቀዋለሁ። ደህና ነህ? አለህ? ቀኑ ደርሶ ጉድ እንዳይሠራኝ ነው ፍርሃቴ።

ደከመኝ። ወገቤ፣ ዓይኔ...

ሐሙስ፣ ሰኔ 23

ዛሬ ከባሕሪያ ጋር ተጣላሁ። እንዲህ ተጣልተን አናውቅም።

መግሪብ ላይ፣ ፀሐይ ስትገባ፣ ኮምፒዩተሩን ስከፍት በግንቡ ላይ ራሷ ብቅ አለ።

"ናጂያ! ገመዱን አትነካኪብኝ!"

"ወላሂ አልነካሁም። አንቺ አይደለሽ የምትዘጊብኝ?"

"የገዛ መስመሬን ሰጥቼሽ እኔው ልዝጋብሽ? በየምሽቱ ከማሉ አፉን ሲከፍት ይጠፋብኛል! አንቺ ስትከፍች ነው የሚጠፋው፣ ቆጥሬዋለሁ!"

"እና ልጄን አልይ? እንደዚያ በይኛ!"

ለምን እንደዚያ አልኩ? አላለችም እኮ። ከአፌ ወጣ። አየችኝና ወረደች። ትንሽ ቆይቶ ኮምፒዩተሩ ላይ ቀይ ኤክስ መጣ። ገመዱን ከራውተሩ ነቅላዋለች።

ዓርብ፣ ሰኔ 24

ቀይ ኤክስ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 2

ሳምንት አለፈ። ሉጥፊ "ሂጂና ታረቂ" ይላል። አንተ ሂድ አልኩት። "የሴት ጠብ ውስጥ አልገባም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል አልሰማሽም?" ሰምቻለሁ። ቅርቧ ናት ገመዱን የነቀለችው።

ገበያ ኢንተርኔት ቤት እንሂድ አልኩ። ጮኸ። "የልጄን ኒካሕ ጌም በሚጫወት ጎረምሳ መሃል?" እሱም እውነቱን ነው። ሁሉም እውነቱን ነው፤ እኔ ብቻ መሃል ላይ ቆሜያለሁ።

ዳሊያ ደወለች። "እማዬ፣ ዓርብ ትታዪኛለሽ አይደል?" አለችኝ። ኢንሻአላህ አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ምጣዴን ስፈገፍግ ዋልኩ፤ ንጹሕ ምጣድ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 5

ሙዳሲር ተገኘ። ሀዋታ ኔትወርክ የሚይዘው አንድ የውኃ ታንከር ሥር ብቻ ነው አሉ፤ እዚያ ቆሞ ነው ያወራኝ።

"ያ ኡም ዳሊያ፣ የዳሊያ እናት፣ ሙሽኪላው፣ ችግሩ ምንድን ነው?"

ሁሉንም ነገርኩት። ቢጫውን፣ ቀዩን፣ ባሕሪያን።

"ቁጥርሽ መጨረሻው ስንት ነው?"

"አምስት።"

"የባሕሪያስ?"

"አምስት ነዋ። ከእሷ ገለበጥኩት።"

የተቋረጠ መሰለኝ።

"ናጂያ... በአንድ ኢቃማ፣ በአንድ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሁለት ሰው ፍተሻ ያልፋል?"

"አያልፍም።"

"ኸላስ፣ በቃ። አንቺ ስትገቢ እሷ ትባረራለች፣ እሷ ስትገባ አንቺ። ራውተሩ ግራ ገብቶት ነው የከረመው። የመጨረሻዋን ስድስት አድርጊያት። ሌላውን አትንኪ።"

ይኼው ነው? ሦስት ሳምንት ሙሉ ይኼው ነው? አምስቷን አጥፍቼ ስድስት ጻፍኩ። ተናደድኩ ይሁን አፈርኩ እንጃ። ቀይ ኤክሱ ግን አሁንም አለ። ገመዱ ባሕሪያ ቤት ነው።

እንደ ቆጣሪው መስሎኝ ነበር እኮ። መስመሩ አንድ ከሆነ ቁጥሩም አንድ...

ረቡዕ፣ ሐምሌ 6

ሄድኩ። ባዶ እጄን ነበር፤ ምን ይዤ ልሂድ? በሩን ከፍታ ቆመች፣ ግቢ አላለችኝም።

"ባሕሪያ፣ የሚዘጋብሽ እኔ ነኝ። ሳላውቅ። ያንቺን ቁጥር ገልብጬ የኔ ላይ ጽፌው ነበር፤ ተጋጩ።"

"ቁጥሬን? መቼ?"

"ገበያ የሄድሽ ቀን። ቁልፉን ሰጥተሽኝ... እንደ ቆጣሪው መስሎኝ።"

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

"ከማሉ ነው ብዬ ነበር" አለች። "ጆሮዬ ላይ የሚዘጋው እሱ ነው ብዬ። ሌላ ሴት ይዘሃል አልኩት። ናጂያ፣ ስንት ነገር ነው ያልኩት መሰለሽ? እሱም መማል ሰልችቶት መደወል ተወ።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። የሁለታችንም እግር ጭቃ ነው። እኔ ለልጄ ስል የሰው ትዳር ላነቃንቅ ነበር... ከዚያ እሷ ተነሥታ ገባች። ከውስጥ "አሁንስ?" ብላ ጮኸች። ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ቀዩ ጠፍቷል።

"መጣ!" አልኩ በግንቡ።

"የኔም አለ! ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ነገ ለከማሉ አንቺው ትነግሪዋለሽ። እኔን አያምነኝም።"

ሐሙስ፣ ሐምሌ 7

ለከማሉ ነገርኩት። ሁለቱም ኮምፒዩተር ተከፍቶ፣ አንዱም ሳይጠፋ። ከማሉ እስኪያስለው ሳቀ። ባሕሪያ አልቅሳ ወጣች።

ነገ ነው። ሻሽ አስተኮስኩ። ኮምፒዩተር ፊት ለመቅረብ ሻሽ የሚያስተኩስ ማነው ብትሉ እኔ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 8

በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ አለዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከዐስር በኋላ ወንዶቹ መጡ። ሉጥፊ፣ ሁለቱ ምስክሮች፣ የገበያው ሰዎች። ኮምፒዩተሩን ከፍቼ፣ ካሜራውን አስተካክዬ፣ ደወልኩ። የጅዳው ክፍል ወለል ብሎ መጣ፤ ሼኹ፣ ሙሽራው፣ የሙሽራው አጎቶች። ሉጥፊ ዞር ብሎ አየኝ። "በይ እንግዲህ" አለ። ወጣሁ። ሻይ የማቀርበውም ሆሹ፣ ግቢው ውስጥ ሆኜ ነው፤ ወንዶች ያሉበት ነው።

መጋረጃው ሥር ቆሜ ሰማሁ። ሉጥፊ ይጮሃል፣ ጅዳ በጩኸት የሚደረስ ይመስል። ልጄን ዳሊያን ሰጥቼሃለሁ አለ። ድምፁ መሃል ላይ ተሰበረ። ተቀብያለሁ አለ ሙሽራው። አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። ስድስቷ ያዘች።

ሉጥፊ ሲወጣ እጁን ያዝኩት። "አየሃት?"

"ማንን?"

"ዳሊያን ነዋ!"

"ምን ነካሽ? እሷማ ሴቶች ጋ ናት። ያለነው ወንዶች ነን።"

እንዴት ይህን ሳላስብ ቀረሁ? ኒካሕ አይቼ አላውቅም? በኔ ጊዜስ የት ነበርኩ? ጓዳ አይደል? ያን ሁሉ ሽቦ፣ ያን ሁሉ ቁጥር... ተናደድኩ ልበል? አይደለም። ባዶ ሆንኩ።

ወንዶቹ ለምግብ ባሕሪያ ሆሽ ሄዱ። ብርጭቆ ልሰብስብ ገባሁ። ኮምፒዩተሩን የዘጋው ሰው የለም። የጅዳው ክፍል እንዳለ ይታያል፤ ሰው የለበትም። ምንጣፍ፣ ሲኒ፣ የተረሳ አንድ ኮፍያ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ልዝጋው እያልኩ ምንጣፉን አያለሁ።

በሩ ተከፈተ። ቀስ ብሎ። የሙሽራ ልብስ ገባ። አንገቷን አስግጋ ወደ ኋላ አየች፣ ሰው እንዳይኖር። ከዚያ ወደ ካሜራው ተጠጋች፤ በጣም ተጠጋች፣ ግንባርና አንድ ዓይን ብቻ ሆነች።

"እማዬ? አለሽ?"

"አለሁ።"

"ወንዶቹ እስኪወጡ ጠብቄ ነው።"

"እኔም።"

ፈቀቅ በይልኝ አልኳት። ፈቀቅ አለች። ልጄ ናት። ስትስቅ ዛሬም በግራ በኩል ነው የምትስቀው። ፎቶ ላይ አልነበረም ይሄ። እጇን አሳየችኝ፣ ሒናው እስከ ክንዷ ነው። አለቀስኩ፣ እሷም። ዓይንሽ ይበላሻል፣ ኩሉ ይወርዳል አልኳት። "ይውረድ" አለች። አክስቷ ስትጠራት ወጣች። ለትንሽ ጊዜ ነው። ግን አየኋት።

እሑድ፣ ሐምሌ 24

ነገ ረመዳን ነው። ከማሉ ዛሬም ደውሏል፤ ባሕሪያ በግንቡ በኩል ሰላምታውን አቀበለችኝ። ሙዳሲርም ተመልሷል። ሀዋታ ከስቶ መጣ፤ በበራችን አሁን ገብቶ ያልቃል።

ረፋድ ላይ ዳሊያ በስልክ ደወለች። ከባሏ ቤት ነው። "እማዬ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ቢጫ ምልክት አለ።"

"ባልሽስ?"

"ሥራ ሄዷል። አንቺ ታውቂበታለሽ አለኝ አባዬ።"

ጥቁሩን መስኮት አስከፈትኳት። አጻፍኳት። "ሌላ ኮምፒዩተር አለ ቤቱ ውስጥ?" አልኳት። የባሏ አለ አለች። "የእሱን እንዳትገለብጪ። የመጨረሻዋን የራስሽን አድርጊ።" በኋላ ፊቷ መጣ። የቤት ቀሚስ ለብሳለች፣ ፀጉሯ አልተሠራም፣ ሌላ ሰው ቤት። እንዲህ ሆና ያየኋት በልጅነቷ ነው።

ብዙም አላወራንም። የሚወራው አለቀብን ወይስ መቸኮሉ ቀረ? እሷ እዚያ ለነገው ሾርባ ሽንኩርት ትከትፋለች። እኔ እዚህ ምስር እለቅማለሁ። አልፎ አልፎ ቀና ብዬ አያታለሁ። አንዳንዴ እሷ ቀድማ ቀና ብላ አገኛታለሁ።

ግማሽ ሰሓን ሲቀረኝ መብራት ሄደ። የቀረውን ምስር ለቅሜ ጨረስኩ።