ለልቤ ብዬ የፈጠንኩበት ኅዳር

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 1965 ዓ.ም. ቡታጅራ

ሐኪሙ ሳቀብኝ። ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው! ለስኳር ሕመሜና ለደከመው ልቤ በየቀኑ በእግር እንድሄድ ካዘዘኝ ሁለት ወር ሆነ፤ አንድም ቀን አላጎደልኩም። ዛሬ ደረቴን አዳመጠ፣ ያበጠ እግሬን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገና «እስቲ እንዴት እንደሚሄዱ ያሳዩኝ» አለ። ጋቢዬን አስተካክዬ ክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ተራመድኩለት።

«አቶ ተሰማ፣ ይህ እኮ ታቦት ማጀብ ነው። ልብዎ እንዲጠነክር ፈጠን ይበሉ። ላብ ጠብ እስኪል፤ ማውራት እስኪያቅትዎ ግን አይደለም።»

የዛሬ አምስት ሳምንት ያየኛል። ለውጥ ከሌለ አዲስ አበባ ልኮ ሆስፒታል ያስተኛኛል። እንዲህ ተልኮ የነበረ የሥራ ባልደረባዬ በሳጥን ነው የተመለሰው። ፈርቻለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ይሮጣል? ባለጉዳይ መንገድ ዳር ቆሞ እጅ የሚነሳኝ ሰው፣ እንደ ፖስተኛ ልጣደፍ? ለባለቤቴ ለአስካለ ይህንኑ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አንተ ሰው፣ ክብርህን ይዘህ ከምትቀበርብኝ ሮጠህ ብትኖርልኝ ይሻለኛል!»

ስትቆጣ ታምራለች። ይህን ግን አልነገርኳትም። ነገ ማለዳ አብራኝ ትወጣለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ውርደት። ሰው ሳይበዛ ብለን ገና ጎህ ሲቀድ በእንሴኖ መንገድ ወጣን። ጋቢዬን ወገቤ ላይ አሸርጬ ፈጠንኩ። አስካለ ነጠላዋ እየተንሸራተተባት ከኋላ ከኋላዬ ትጣደፋለች። ለካ በዚህ አገር ትልቅ ሰው በማለዳ ከነሚስቱ የሚጣደፈው መርዶ ሲሰማ ብቻ ነው!

ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ባለጉዳዮች መስለውኝ ባሰብኝ፤ ፈጠንኩ። እኔ ስፈጥን ኮቴውም ይበዛል። ድልድዩ ጋ ዞር ስል ሰፈሩ በሙሉ አለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የበርበሬ ነጋዴው ሐጂ ሸምሱ እንኳ ያሰጡትን በርበሬ ጥለው መጥተዋል።

«አላህ ይርሐመው፣ ማን ነው የሞተው?» አሉኝ።

ትንፋሽ አጥሮኝ መመለስ አቃተኝ። ዝምታዬን ሐዘን አድርገውት አንዲት ሴትዮ «ወይኔ!» ብላ ደረቷን መታች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ይህን ጊዜ አስካለ ደርሳ ጮኸች፦

«ኧረ ማንም አልሞተም! እንዳይሞትብኝ ነው የሚሮጠው!»

 ከዚያ ሳቅ በሳቅ ሆኑ፤ አንዳንዶቹ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። ሐጂ ግን አልሳቁም፤ ትክ ብለው አዩኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ሁለተኛ አልወጣም ብዬ ተከናንቤ ነበር። በር ተንኳኳ። ሐጂ ሸምሱ ናቸው፣ ከዘራቸውን ይዘው።

«አሰላሙ ዐለይኩም። እኔም ስኳር አለብኝ፤ ለቤቴም አልነገርኩ። ብቻዬን ብሮጥ አበደ ይሉኛል። ከእርስዎ ጋር ከሆንኩ ግን የፍርድ ቤት ጉዳይ አለበት ይላሉ።»

አስካለ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሳቀች። ሄድን። እስከ ድልድዩ ሁለቴ ቆመን ተነፈስን። ያገኘን ሁሉ «ዛሬስ ማን ሞተ?» እያለ ያሾፋል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 28

ክፉ ቀን። ድልድዩ ጋ ሳንደርስ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ፣ ዓይኔ ጨለመ። ልቤ በቃው ብዬ የአስካለን ስም ጠራሁ። ሐጂ፣ ሐኪሙ ከኪሳቸው እንዳይጠፋ ያዘዛቸውን ከረሜላ አውጥተው አፌ ውስጥ ከተቱ። ቀስ በቀስ ነፍሴ መለስ አለች።

ሐኪሙ ልብ አይደለም አለ። የስኳሩን ኪኒን ውጬ ቁርስ ሳልበላ ስለወጣሁ ስኳሩ ወርዶ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እንዳይረፍድብኝ ብዬ። ሐጂ ደንግጠው ዛሬውኑ ሕመማቸውን ለባለቤታቸው ነገሩ። አስካለ ከእንግዲህ ቂጣዬን ጨርሼ ካልበላሁ በር አትከፍትልኝም። አልቅሳለች መሰለኝ፣ ዓይኗ ቀልቷል። እንዴት እንደማጽናናት አላወቅሁም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

ሐኪሙ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለውን ዳገት አስወጥቶ አስወረደኝ። ከዚያ ደረቴን ረጅም ጊዜ አዳመጠ። አስካለ በሩ ሥር ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች። እግሬን ተጫነው፤ ጣቱ እንደ ዱሮው አልሰመጠም።

«ልብዎ አልዳነም» አለ። የአስካለ ፊት አመድ መሰለ። «ግን ጠንክሯል። ስኳሩም ጋብ ብሏል። አዲስ አበባ መሄዱ ይቅር፤ እርምጃውን ግን ዕድሜ ልክዎን አይተዉም።»

ዕድሜ ልክ! ይህን ቃል ስንት መዝገብ ላይ ጽፌዋለሁ፤ እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ስንመለስ ገበያው መሐል «ቀስ በል እንጂ፣ አልደረስኩብህም!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ቆሜ ጠበቅኳት። ስትደርስ ታለከልካለች፣ ፊቷ በላብ ወዝቷል። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር በሰው ፊት አድርጌው የማላውቀውን አደረግኩ፤ እጇን ያዝኩ።

ሰው አየን። ይየን።