ፊደል የማያውቀው ኮምፒዩተር

አሰበ ተፈሪ
ጥር 18 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለልጄ ለታጁዲን
ሚንስክ

አሰላሙ ዐለይኩም የኔ ዓይን። አላህ ከዚያ ከበረዶው አገር ብርድ ይጠብቅህ። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ሲበርደው ይነዘንዘኛል እንጂ ምላሴም ጣቴም እንደ ድሮው ናቸው። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። የገለምሶዋ ነርስ ሙሉ ለትምህርት ወደ እናንተ ስትመጣ ልብሷ መሀል ሸጉጣ ታደርስልኛለች። ስለዚህ ዛሬ ማንንም ሳልፈራ እጽፋለሁ፤ አንተም አንብበህ ስትጨርስ ቅደደው።

በኅዳር የጻፍከው ደርሶኛል። ሰኔ ላይ እመረቃለሁ ብለሃል፤ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ደግሞ ዝቅ ብለህ፣ ቀለሙም ፈዘዝ ብሎ፣ «ከምረቃ በኋላ ምዕራብ በርሊን ያለ ጓደኛዬ ጋ ጎራ ብዬ አያለሁ» ብለሃል። ልጄ፣ እናትህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሹማምንት ደብዳቤ የጻፈች ሴት ናት። ሰው በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ምን እንደሚደብቅ አውቃለሁ። የአቶ ሙሜ ልጅም እንዲሁ በርሊን ጎራ ካለ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እናቱ ፎቶግራፉን እያየች ትኖራለች። ያቺን መስመር ካነበብኩ ጀምሮ እህል አልጥምሽ ብሎኛል።

መልስ ልሰጥህ ነው የተቀመጥኩት። ግን መጀመሪያ የመሥሪያ ቤታችንን ጉድ ካልነገርኩህ መልሴ አይገባህም።

መሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተር ገዛ። አትሳቅ። ለገለምሶና ለበደሳ የማዳበሪያ ድልድል በወቅቱ መላክ ያቃተው መሥሪያ ቤት፣ መብራት በሳምንት ሦስት ቀን በሚመጣበት ከተማ፣ ኮምፒዩተር ገዛ። ያስገዛው አዲሱ ኃላፊያችን ጓድ አሰግድ ነው። ጓድ አሰግድ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ፣ ስብሰባ ያልመራበትን ቀን እንዳልኖረ የሚቆጥር ሰው ነው። ከሱ ሌላ የግዢ ኮሚቴው አባላት ሁለት ናቸው። አንደኛው የንብረት ክፍሉ መስዑድ ነው፤ የመጋዘኑ ቁልፍ በጠፋበት ቁጥር በሩን የሚያስሰብረው። ሁለተኛው ሒሳብ ሹሙ ሀሚድ ነው፤ እሱ ደግሞ አለቃ ያለውን ከመድገም በቀር የራሱ ሐሳብ ሲወጣው ሰምቼ አላውቅም። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ድምፅ የለኝም።

መስከረም ላይ «የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ሲመረጥ ምን ይጠየቃል?» ብዬ የጻፍኩልህ ለነሱ ብዬ ነበር። አንተም የኔ ብልህ፣ ሦስት ጥያቄ ላክህልኝ። ፊደላችንን ይጽፋል ወይ? የመብራቱን መዋዠቅ ይችላል ወይ? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? የመመረቂያ ሥራህም ፊደላችንን ኮምፒዩተር ውስጥ ማስገባት እንደሆነ ጨምረህ ጽፈህልኝ ነበርና፣ ኩራቱን አልቻልኩትም፣ ለሁሉም አወራሁት። ሦስቱን ጥያቄ በካርቦን አራት ቅጂ አድርጌ አከፋፈልኩ። ጓድ አሰግድ አነበበና «በጣም ጥሩ፣ ፋይል ይደረግ» አለ። መስዑድ ጀርባው ላይ የስኳር ኮታ ደመረበት።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ሻጩ ሁለት ኮምፒዩተር በላንድሮቨር ጭኖ መጣ። ክራቫት ያሰረ፣ ላቡን በመሐረብ የሚጠርግ ምስኪን ሰው ነው። አንደኛው ኮምፒዩተር ትልቅ ነው፤ ሳጥኑ ለብቻ፣ ቴሌቪዥን የመሰለው ለብቻ፣ ቁልፎቹ ለብቻ። ሁለተኛው ሁሉንም አንድ ላይ የያዘ፣ ድምቡሽ ያለ ትንሽ ነገር ነው። «ታይፒስቷ ትሞክራቸው» ተባለና ተቀመጥኩ። ትልቁ ላይ ሰውዬው አንድ ዲስክ ከተተበት፤ ጣቴን ሳሳርፍ «ሀ» ብሎ ወጣ። ታጁ፣ አልዋሽህም፣ ፊደሏን በጣቴ ነካኋት። አንተ እዚያ በረዶ ውስጥ ቁጭ ብለህ የምትለፋበት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ትንሹ ላይ ስመታ ግን የሚወጣው የፈረንጅ ፊደል ብቻ ሆነ። «ይኼስ አማርኛ አይችልም?» አልኩት።

«እውነቱን ልንገርዎት እትዬ፣ ይህችኛዋ ዲስኩን አትቀበልም። ምናልባት ወደፊት» አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ለነሱም ሊነግራቸው አፉን ሲከፍት ጓድ አሰግድ «የቴክኒኩን ነገር ኮሚቴው ያየዋል» ብሎ ዘጋው።

ኮሚቴው የት እንደሚያየው ታውቃለህ። ከምሳ በኋላ መስዑድ ቤት፣ ፍራሽ ላይ፣ በርጫ። የበደሳ ጫት ተዘርግቶ፣ ሦስቱም ትራስ ተደግፈው፤ እኔ እንደምታውቀው አልቅምም፣ በሩ አጠገብ ደብተሬን ይዤ። ሁለቱም ኮምፒዩተር ከነሻጩ አብሮ መጥቷል። መጀመሪያ ሀሚድ በስንዝር ለካቸው። ትንሹ ሁለት ስንዝር ሆነ። ጓድ አሰግድ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ ለካ ነገሩ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ፣ ከስልኩ ጎን፣ እንግዳ ሲገባ እንዲታይለት ነው። ከዚያ መስዑድ ተነሣና «በክብደትም እንይ» አለ። ግቢው ውስጥ ወንድሙ ጫት የሚመዝንበት ሚዛን ተሰቅሏል። ወላሂ አልኩህ፣ ኮምፒዩተሮቹን በገመድ አስረው አንድ በአንድ ሚዛኑ ላይ ሰቀሏቸው። ሻጩ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው፤ እጁን ከሥር ዘርግቶ ይዞራል።

«ትንሿ ዘጠኝ ኪሎ!» አለ መስዑድ። «አቦ ይቺ ናት! ትልቁን ማን ይሸከማል?»

«ጓዶች፣ ዘመኑ የትንሽ ነገር ዘመን ነው» አለ ጓድ አሰግድ። ምርቃናው ገብቷል። ሀሚድም «የትንሽ ነገር ዘመን ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው! ለበደሳ አንድ፣ ለገለምሶ ሁለት ትንሽ ኮምፒዩተር ተመደበ፤ ለአሰቦት ገዳም ሳይቀር አንድ ታሰበለት። መነኮሳቱ ምን ያድርጉበት ያለ ሰው የለም።

እኔም እጄን አወጣሁ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ትንሹ አማርኛ አይጽፍም። እኛ ደግሞ የምንጽፈው በአማርኛ ነው።»

«ያ ጣሂራ!» አለ መስዑድ። «ኮምፒዩተር የሚያህል የተማረ ነገር ፊደል ይጠፋዋል? አቦ ተይን!»

ጓድ አሰግድ ግን ጉንጩን እንደሞላ ወደ እኔ ዞረ። «ልጅሽ ፊደል እየሠራ ነው ብለሽን የለ? ካላወቀ ልጅሽን አስመጥተን እናስተምረዋለን!» ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ የበርሊኗ መስመርህ ከደረሰችኝ ሳምንት አልሞላም ነበር።

አሁን የምነግርህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። እኔ አንድ ደንብ አለኝ። የበርጫ ውሳኔ መሳቢያዬ ውስጥ ሁለት ቀን ያድራል። አልጽፈውም። ከሰዓት በኋላ በምርቃና የተወሰነ ነገር በማግስቱ ጧት ባለቤት የለውም። ባለፈው ዓመት ቢሮውን ወደ ሂርና ለማዛወር ወስነው ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ግቢው ውስጥ የዓሣ ኩሬ ሊያስቆፍሩ። ጧት ኃላፊው በቢሮዬ በር ብቅ ይልና «ጣሂራ፣ ያቺ የትናንቷ… ገና አልተጻፈችም አይደል?» ይላል። «ገና ነች» እላለሁ። «ትቆይ እስቲ» ይላል። በቃ። አምስት ኃላፊ ተፈራርቆብኛል፤ አምስቱም እንዲህ ነበሩ፣ ስለ ደንቡ ግን አንዳቸውም ተናግረውት አያውቁም። ይህ መሥሪያ ቤት ሳይፈርስ የቆየው በእኔ መሳቢያ ነው ብልህ ማጋነን አይደለም።

ያን ዕለት ግን አላሳደርኩትም። ደብተሬን ይዤ ከመስዑድ ቤት ወጣሁ፣ በጫት ተራ አቋርጬ ቢሮ ገባሁ፣ ቃለ ጉባኤውንና የግዢ ውሉን ልመታ ታይፑ ላይ ተቀመጥኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ ፈጥኜ ጽፌ አላውቅም። አንድ ስሕተት የለበትም። መልሼ ወሰድኩላቸው፤ ጓድ አሰግድ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሳያነብ ፈረመ፣ መስዑድ ማኅተሙን ከኪሱ አወጣና እፍ ብሎ መታበት። ሻጩ «እትዬ፣ እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩት። ትልቁን ጭኖ፣ ውሉን ይዞ ያኔውኑ ወደ አዲስ አበባ ነዳ።

ጧት ጓድ አሰግድ ፊቱ አባብጦ በበሩ ብቅ አለ። «ጣሂራ፣ ያቺ የትናንቷ…»

«ተጽፋለች፣ ፈርመውባታል፣ ሄዳለች» አልኩት።

ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ምነው ጣሂራ! አንቺ እኮ ታሳድሪልን ነበር!» አለኝ። ያንን ያለበት ድምፅ የኃላፊ ድምፅ አልነበረም። ጥዬው ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

እንግዲህ ኮምፒዩተሩ የጓድ አሰግድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ጠርዙን የጠለፈችው ጨርቅ ለብሷል። እንግዳ ሲመጣ ጨርቁ ይገለጣል፤ መብራት ካለ ይበራል፤ ሀሚድ የራሱን ስም በፈረንጅ ፊደል ይጽፍና ሁሉም «አጃኢብ» ይላል። ከዚያ ጨርቁ ይመለሳል። ደብዳቤው ሁሉ እስከ ዛሬ የሚወጣው ከእኔ ታይፕ ነው። ከበላይ «አዲሱ መሣሪያ ምን ሥራ ሠራ? ሪፖርት ይቅረብ» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ጓድ አሰግድ የሚገባበት ጠፋው። ጠርቶኝም «ልጅሽን በስሙ ጠቅሰን እንጠይቃለን። እዚሁ እንዲመደብልን ጻፊ» አለኝ። እዚያ ድረስ እንደሚመጣ ያን ዕለት በሩ አጠገብ ተቀምጬ አውቄው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ቀዳዳ ሲጠፋው የት እንደሚገባ አውቃለሁ።

እሱ የነገረኝ ሁለት መስመር ነው። እኔ ገጽ ተኩል አደረግሁት። «በፊደል ሥራ ላይ የሠለጠነ ብቸኛ ባለሙያ» ያልኩት እኔ ነኝ። «በአስቸኳይ» ያልኩት እኔ ነኝ። ወደ ሰሜን እንዳይመድቡህ «ከዚህ ቦታ ሌላ ቢመደብ ሥራው ይበደላል» የሚለውንም የጨመርኩት እኔ ነኝ። ጥር 3 ቀን ወጥቷል፤ ግልባጩ ሞስኮ ላለው ኤምባሲ ነው። ይጠሩህና ያነቡልህ ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ እነሱን ስዘልፍ ቆየሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ። የተናደድኩት ባንተ ነው፤ አፌን ሞልቼ ልነግርህ አልቻልኩም። ከነሱም የባስኩት እኔ ነኝ። እነሱ ስለመረቀኑ የማይረባ ነገር መረጡ፤ እኔ በደረቅ አእምሮዬ የማይረባ መሆኑን እያወቅሁ አስመረጥኩ። የአገር ዕቃ በልጄ ፍቅር ለወጥኩ። ከእንግዲህ በማን ላይ አፌን እከፍታለሁ?

ስለዚህ እውነቱን ስማ። እዚህ ብትመጣ የሚጠብቅህ የጓድ አሰግድ ጠረጴዛ ነው። ከሰዓት በኋላ ሁሉ ስብሰባ፣ ጧት ሁሉ ጸጸት። ሻጩ እንዳለው ከሆነ ያቺ ትንሽ ነገር ፊደል ላትቀበልም ትችላለች፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ ያንተ ይሆናል። አንተ ለዚህ አልተማርክም። እንዲህ ብዬ ልነግርህ የሚገባ እናት መሆኔን አውቃለሁ፣ ነገርኩህም። ናፍቆቱ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱን መቻል አቅቶኛል። ስድስት ዓመት ሆነ እኮ ታጁ፤ በፎቶህ ላይ ጢምህን አይቼ የአባትህ ፎቶ መስሎኝ ነበር።

ከመጣህ ክፍልህ ተጠርጎ ይጠብቅሃል፣ ሌላ የምለው የለኝም። እንቢ ካልክ ግን እንቢታህን ለእኔ እንዳትጽፍልኝ፤ አደራ። ለመሥሪያ ቤቱ ጻፈው፤ የደብዳቤውን ቁጥር ጠቅሰህ፣ «ጉዳዩ» ብለህ፣ ባጭሩ። እኔ እንደማንኛውም ደብዳቤ እቀበለዋለሁ። ለኔ እንቢ ያልከው ነው ብዬ አልቆጥረውም። ገቢ ደብዳቤ የምከፍተው እኔ ነኝና ይደርሰኛል።

አላህ ካለህበት አገር ሁሉ ሰው ያድርግህ፤ የረገጥከው መሬት ይለስልስልህ፤ ከክፉ ዓይንም ከክፉ አለቃም ይሰውርህ። የአባትህ ነፍስ በጀነት ትረፍ፣ ዱዓውም ይከተልህ። አሚን።

እናትህ
ጣሂራ ዓሊዩ