የኣስመላሽ ተራ

አስመራ፣ ጥራቮሎ
ሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን 1985 ዓ.ም.

የሆዴ ልጅ ትዝታ፣

አንቺም ባለቤትሽም ደኅና ናችሁ ብዬ ልጀምር፤ ካልሆናችሁም ማርያም ደኅና ታድርጋችሁ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድብሽ እንዳትስቂ። በቀኝ እጄ እየጻፍኩ በግራ እጄ የአልጋውን ብረት በሠርጌ ቀለበት እያንኳኳሁ ነው። እናቴ አበደች አትበይ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አልፏል፣ አባትሽም አፉን ከፍቶ ተኝቷል!

ባለፈው ደብዳቤዬ መምጣቱን ብቻ ነበር የነገርኩሽ። መንግሥት ሲለወጥ ለዓመታት ከሠራበት ከጋምቤላ በመኪና መውጫ ሲጠፋ፣ ሞተሯን በሚጠግናት የጭነት ጀልባ ተሳፍሮ በባሮ ቁልቁል ወረደ፤ ከዚያም በነጭ ዓባይ እስከ ኮስቲ። አንዱ ቦታ ወታደር ሲያግዳቸው፣ ሌላው ጋ ነዳጅ ሲያልቅባቸው ዓመት አለፈ። ከኮስቲ ወደ ከሰላ፣ ከከሰላ በጭነት መኪና አስመራ ገባ። ጎረቤቶቼ "ከሱዳን የሚመጣ ወንድ ብቻውን አይመጣም፣ ሚስት ይዞ ነው" ብለው አስፈራርተውኝ ስለነበር፣ ገና ሳልስመው ከኋላው ሴት ቆማ እንደሆነ ፈለግኩ። የቆመው ኣስመላሽ ነው። የጀልባዋ መሪ፣ የሰገነይቲ ሰው፣ ሪዛም። እፎይ ብዬ እልል አልኩ።

እልልታዬ ብዙ አልቆየም። ልጄ፣ ቀናሁ። ሴት ብትሆን ጸጉሯን እነጭ ነበር፤ የዚህን ሰውዬ ሪዝ ልንጭ? አባትሽ ከእኔ ጋር ሲሆን ዲዳ ነው። "ወጡ ጨው በዛበት?" ስለው "ደኅና ነው"። "የት የት አለፋችሁ?" ስለው "ውሃ ነው፣ ምን ይወራለታል"። ኣስመላሽ ብቅ ሲል ግን ፊቱ ይበራል። ጉማሬው እንዲህ አደረገን፣ የማላካሉ ወታደር እንዲህ አለን እያሉ እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። እኔ ሻሂ አቀርባለሁ። በገዛ ቤቴ አስተናጋጅ ሆንኩ። ማታ ማታ ኮምቢሽታቶ ጎዳና ወጣ ብለን እንንሸራሸር ስለው እግሬን ያመኛል ይላል፤ ኣስመላሽ ሲጠራው እግሩ ይድናል።

ከሁሉ የከፋው እንቅልፉ ነው። አጠገቤ ሲጋደም ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ ያነጋል። ሳሎን ውስጥ ኣስመላሽ አጠገቡ ከተቀመጠ ግን ወንበሩ ላይ ድርግም ነው። ያ ሰውዬ ደግሞ እጁ አያርፍም፤ የሻሂውን ብርጭቆ በማንኪያ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያደርገዋል። ባልሽ ከአንቺ ጋር ያጣውን እንቅልፍ ከሌላ ሰው ጋር ሲያገኘው ማየት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ አንቺም ባለትዳር ነሽና አይጠፋሽም።

የዛሬ ሳምንት እሑድ ከምሳ በኋላ ነገሩ ፈነዳ። ምጽዋ ወደብ ሞተር የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል አሉ፤ ኣስመላሽ በሳምንቱ ሰኞ፣ ማለት ዛሬ፣ በአውቶቡስ ሊወርድ ነበር፣ አባትሽም አብሮት እንዲሄድ ጠየቀው።

"ሕራይ፣ እሄዳለሁ" አለ አባትሽ፣ እኔን ሳያየኝ። "እዚያ ቢያንስ እተኛለሁ።"

ይህን ብሎ ወዲያው አሸለበ። ማንኪያውም ኳ ኳ ማለት ጀመረ። ትዕግሥቴ አለቀና ማንኪያውን ከኣስመላሽ እጅ ነጠቅኩት።

አባትሽ ተስፈንጥሮ ተነሣ። ዓይኑ ተከፍቷል፣ እኔን ግን አያየኝም። መጥረጊያውን ከጥግ አንሥቶ በእንጨቱ ወለሉን ይገፋ ጀመር፤ ለካ ጀልባ ከአሸዋ እያላቀቀ ነው። "ተኛህብኝ! ኣስመላሽ፣ ተኛህብኝ!" እያለ ይጮኻል።

ኣስመላሽ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው። ቆይቶ እኔን ወደ ውጪ ጠራኝ።

"ኣብርሄት ሓፍተይ፣ እኅቴ፣ ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር" አለኝ። "ወንዙ ላይ በተራ ነበር የምንተኛው። የሚጠብቀው ብረት ያንኳኳል። ድምፁ ካልተቋረጠ የተኛው ሰው የሚጠብቀው እንዳለ ያውቃል። አንድ ቀን በእኔ ተራ እንቅልፍ ጣለኝ። ጀልባዋ አሸዋ ላይ ወጣች፣ ሦስተኛውን ጓደኛችንን ውሃ ወሰደው።"

"ታዲያ ለእኔ ለምን አይነግረኝም?"

"ሚስቴን ዘብ ላቁማት እንዴ ይላል። ያፍራል።"

ስለ ሟቹ አዘንኩ፤ ነፍሱን ይማር። ግን አልዋሽሽም፣ ከሐዘኑ ይልቅ ቅናቱ ባሰብኝ። ያን ሁሉ ዓመት ደጅ ደጁን እያየሁ የጠበቅኩት እኔ አይደለሁም? ከእኔ የበለጠ ዘብ ከየት ሊያመጣ ነው?

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ቦርሳውን በሩ ሥር አስቀምጦ፣ ልብሱን እንደለበሰ አልጋው ላይ ጎኑን አሳረፈ። እኔም ቀለበቴን ብረቱ ላይ አንኳኳሁ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ዞሮ አየኝ። ትንሽ ቆይቶ ትንፋሹ ረዘመ።

ሁለት ሰዓት ላይ ኣስመላሽ ሊወስደው መጣ። በሩን ገፋ አድርጎ ድምፁን ሰማ፤ እሱን አየ፣ እኔን አየ። ማቆም እችል ነበር። ዓይን ዓይኑን እያየሁ ጠንከር አድርጌ አንኳኳሁ። "የቐንየለይ" ብሎ በሹክሹክታ አመሰገነኝና የገዛ ቦርሳውን አንግቶ ብቻውን ሄደ። የራሱን ዕቃ አደራ ሰጥቶኝ የሄደ ይመስል! በዚህም ተቃጠልኩ።

አውቶቡሱ ይሄኔ ነፋሲትን አልፏል። አባትሽ ሲነቃ ይጮህብኛል። ይጩህ፣ ዲዳ ከሚሆንብኝ ይሻላል።

የፊታችን ሰኞ ጽዮን ማርያም ናት። ብትመጪ ቤቱ ይሞላልኝ ነበር፤ ካልቻልሽም እሷ ደጅሽን ትጠብቅልሽ፣ እንቅልፍሽን የሰላም ታድርግልሽ፣ የልጅሽን ልጅ ለማየት ታብቃሽ።

አሁን፣ ይህን ስጽፍ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ "ኣስመላሽ፣ ተራዬ ደረሰ?" አለ።

ድምፄን እንደ ወንድ አወፍሬ "ገና ነው፣ ተኛ" አልኩት።

ግራ እጄ ዝሏል። ቀኙ ሊተካው ስለሆነ እዚህ ላይ ላቁም።

እናትሽ ኣብርሄት